ፕሮባዮቲክ ምንድን ነው? የተብላላ ሁሉስ ለምን ፕሮባዮቲክ አይባልም?

«የተብላላ ምግብ ሁሉ ፕሮባዮቲክ ነው» የሚለውን አባባል ሰሞኑን እንደገና አነበብኩት፤ በዚህኛው ጊዜ የተጻፈው በእርሾ ቦክቶ ቤት ውስጥ የተጋገረ ዳቦን ለአንጀት ጤና በሚያወድስ አስተያየት ላይ ነበር። ዳቦው ግሩም ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ሲጋገር ውስጡ ከ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚያልፍ፣ ሊጡን ካቦኩት ባክቴሪያዎችና እርሾዎች በሕይወት የሚተርፉ የሉም ለማለት ያስደፍራል።

የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እና የዓለም ጤና ድርጅት የሰበሰቧቸው ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ለፕሮባዮቲክ የሰጡት ትርጉም «በበቂ መጠን ሲወሰዱ ለወሳጁ የጤና ጥቅም የሚያስገኙ ሕያዋን ረቂቅ ተሕዋስያን» የሚል ነው። ከዚህ ውስጥ «ሕያዋን»፣ «በበቂ መጠን» እና «ጥቅም» ከሚሉት አንዱ ከጎደለ ስሙም አይገባውም።

መብላላትን እንደ ቤት ግንባታ እንየው። ተሕዋስያኑ ግንበኞች ናቸው። ግንበኛው ሥራውን ጨርሶ ቢሄድ፣ ቢሞትም እንኳ፣ ቤቱ አይፈርስም፤ ለዚህም ነው የተጋገረው ዳቦ ጣዕሙን ይዞ የሚቆየው፣ ማዕድናትን አስሮ የሚይዘው ፋይቴትም በመቦካቱ ምክንያት ቀንሶ የሚገኘው። ፕሮባዮቲክ የምንለው ግን ቤቱን ሳይሆን ግንበኛውን ነው፤ እሱም በሕይወት ያለ፣ ሙያው ተፈትኖ የታወቀ መሆን አለበት። የሚታወቀውም እስከ አያቱ ነው። ላክቶባሲለስ የባክቴሪያ ወገን ነው፤ «ላክቶባሲለስ አለበት» ማለት የራሱን ስም ብቻ መጥራት ነው፤ ዝርያው የአባት ስም፣ ንዑስ ዝርያው ደግሞ የአያት ስም ይሆናል። ላክቶባሲለስ ራምኖሰስ ጂጂ የተባለው በብዙ ጥናቶች የተፈተነው በሙሉ ስሙ ስለሆነ፣ እሱ ያለፈውን ፈተና ሞክሼው ሁሉ እንዳለፈው አድርጎ ማቅረብ አይቻልም።

አስተያየት ሰጪው «እርጎስ?» ብሎ እንደሚጠይቀኝ እገምታለሁ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። የእርጎ ባክቴሪያዎች የወተት ስኳር ለማይስማማቸው ሰዎች መፈጨቱን እንደሚያግዙ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2010 የተቀበለ ሲሆን፣ በአንድ ግራም ቢያንስ 100 ሚሊዮን ሕያዋን ባክቴሪያዎች መኖር አለባቸው ብሏል። የተመሰከረላቸው ለዚህ ሥራ ነው፤ ለቆዳ ውበትም ሆነ ለክብደት መቀነስ አይደለም። እርጎው ወጥ ውስጥ ገብቶ ከፈላ ደግሞ ይህም ጥቅም ይጠፋል።

በጨው ተብላልቶ ሳይበስል የሚበላ ጎመን በውስጡ ሕያዋን ተሕዋስያን ይኖሩታል፤ የትኞቹ እንደሆኑና ስንት እንደሆኑ ግን በቤት ውስጥ አይታወቅም። «ሕያዋን ተሕዋስያን ያሉበት የተብላላ ምግብ» ብንለው ክብሩ አይቀንስም። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ፣ 36 ጤናማ ሰዎችን ብቻ ባሳተፈ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ የተብላላ ምግብ በብዛት እንዲመገቡ የተደረጉት ሰዎች የአንጀት ተሕዋስያን ስብጥር ጨምሯል። ኮምጣጤ ውስጥ የተዘፈዘፈ አትክልት ግን፣ ምንም ቢኮመጥጥ፣ ከነጭራሹ አልተብላላም።

ሳልጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር። ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናትና የመከላከል አቅማቸው በእጅጉ ለተዳከመ ሰዎች፣ ሕያው ተሕዋስ ወደ ደም ገብቶ ለከባድ ሕመም ሊዳርግ ስለሚችል፣ ፕሮባዮቲክ ያለ ሐኪም ውሳኔ አይሰጥም። በማሸጊያ የሚሸጠውን የሚገዛ ሰው ደግሞ የተጻፈው የሕያዋን ተሕዋስያን ቁጥር በተመረተበት ቀን የነበረው ይሁን ወይስ እስከ መጠቀሚያው ማብቂያ የሚቆየው፣ ለይቶ ማንበብ አለበት፤ ተሕዋስያኑ መደርደሪያ ላይ ሳሉም ይሞታሉና።