ከእርምጃ የሚመነጭ ኤሌክትሪክ ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ስሌት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እኔም ዘንድ ደረሰ። ጸሐፊው እንዲህ ይላል፦ አንድ ሰው ልዩ ንጣፍ ሲረግጥ 5 ዋት ይመነጫል፤ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ በር ላይ በቀን 50,000 እርምጃ ቢያርፍ 250,000 ዋት፣ ማለትም 250 ኪሎዋት ይገኛል፤ እንግዲህ መናኸሪያው ከራሱ አልፎ ለሰፈሩም መብራት ይተርፈዋል። ስሌቱን ከተቀባበሉት መካከል እኔ ራሴ ኤሌክትሪክ ያስተማርኳቸው ልጆች አሉበት። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝም እሱ ነው።

5 በ50,000 ሲባዛ 250,000 መሆኑን ማንም አይክድም። ችግሩ የተባዛው ነገር የሚባዛ አለመሆኑ ነው። ዋት በየሰከንዱ ስንት ጁል (የጉልበት መለኪያ ነው) እንደሚመነጭ ይነግረናል እንጂ በጠቅላላው ስንት እንደተጠራቀመ አይነግረንም። እነዚያ 5 ዋቶች የሚታዩት እግር ንጣፉን ተጭኖ እስኪነሳ፣ ቢበዛ ለግማሽ ሰከንድ ነው። 5 ዋት ለግማሽ ሰከንድ ማለት 2.5 ጁል ነው፤ ከዚያ በኋላ ሌላ እግር እስኪመጣ ድረስ ምንም የለም። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የረገጠ ሰው ዋትና ማታ 12 ሰዓት ላይ የረገጠ ሰው ዋት በአንድ ጊዜ አብረው ስላልነበሩ አይደመሩም። የሚደመረው ጁሉ ነው። እንደምረው፦ 50,000 እርምጃ በ2.5 ጁል 125,000 ጁል ይመጣል። አንድ ዋት ሰዓት 3,600 ጁል ስለሆነ ወደ 35 ዋት ሰዓት ማለት ነው። የአንድ ስማርት ስልክ ባትሪ 15 ዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል። ስለዚህ መናኸሪያው ቀኑን ሙሉ በተረገጠ ንጣፍ ሁለት ስልክ ይሞላል። በ24 ሰዓት ሲካፈል ደግሞ አማካዩ አንድ ዋት ተኩል እንኳ አይሞላም። 250 ኪሎዋት የተባለው ይኸው ነው።

ይህን ስል ወዲያው የሚመጣልኝን መልስ አውቀዋለሁ፦ «ቴክኖሎጂው ገና ነው፤ ነገ ይሻሻላል።» አይሻሻልም አልልም። ግን ጣሪያ አለው፣ ጣሪያውንም የሠራው የትኛውም ፋብሪካ አይደለም። ንጣፉ ከእግር የሚያገኘው ጉልበት የሰውየው ክብደትና ንጣፉ የሚሰምጥበት ርቀት ብዜት ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 5 ሚሊሜትር የሚሰምጥ ንጣፍ ቢረግጥ፣ 70 በ9.8 በ0.005፣ 3.4 ጁል ይሆናል። አንዲት ጠብታ ሳትባክን ሁሉም ወደ ኤሌክትሪክ ቢለወጥ ማለት ነው፤ በተግባር እንደዚያ ሆኖ አያውቅም። በቤታችን ቆጣሪ የሚቆጠረው አንድ ኪሎዋት ሰዓት 3,600,000 ጁል ነው። ከአንድ ሚሊዮን እርምጃ በላይ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት! እንጀራ የምንጋግርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንድ ሰዓት ሦስት ተኩል ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል።

«እንግዲያው ንጣፉ በደንብ ይስመጥ» የሚልም አይጠፋም። እዚህ ላይ ነው ነገሩን በቃርሚያ ማየት የሚሻለው። ገብስ ታጭዶ ነዶው ከተነሳ በኋላ ማሳው ላይ የቀረችውን ዛላ የሚለቅም ሰው ቃራሚ ነው። ማሳው ለእሱ አልተዘራም፤ የሚያገኘው አጫጁ የጣለውን ያህል ብቻ ነው፤ አጫጁ ጠንቃቃ ከሆነ ቃራሚው ባዶ እጁን ይመለሳል። ከእርምጃ ኤሌክትሪክ መሰብሰብም እንዲሁ ነው። ሰው ሲራመድ መሬት ላይ የሚጥለው ትንሽ ነው፤ አካሄዳችን በተፈጥሮው ጠንቃቃ አጫጅ ነው። ንጣፉ በጣም እንዲሰምጥ ሲደረግ ግን ቃራሚው ከወደቀው ዛላ አልፎ ከነዶው መምዘዝ ጀመረ ማለት ነው። ያን ጊዜ ባለ ማሳው ይሰማዋል፦ በለስላሳ እርሻ ውስጥ የሄደ ሰው ጭኑ እንደሚዝል፣ እግረኛውም ይደክማል። ጡንቻ ከሚበላው ምግብ ወደ ሥራ የሚለውጠው ሩቡን ያህል ስለሆነ፣ ከእግረኛው ተመዝዞ ለሚገኝ ለያንዳንዱ ጁል ቢያንስ አራት ጁል እንጀራ ተበልቷል። ይህን «ነፃ ኃይል» ብሎ መጥራት የሚከፍለውን ሰው መርሳት ነው። ደግሞም ቃርሚያ ለማስቀመጥ ጎተራ አይሠራም። ንጣፉ፣ ከሥሩ የሚፈሰው ኮንክሪት፣ ሽቦው፣ ባትሪው፣ በየጊዜው የሚለወጠው ስፕሪንግ ሲደመሩ ወጪያቸው ከሚገባው እህል ጋር አይመጣጠንም።

አሁን ወደ ሌላው ስህተት ልምጣ፤ ይኸኛው ከቮልቴጅ ጋር የተያያዘ ነው።

ተማሪዎች ለመመረቂያ ፕሮጀክት ይዘውት የሚመጡት ሞዴል አንድ ዓይነት ነው። በሁለት ኮምፔንሳቶ መካከል ሳንቲም የሚያካክሉ የነሐስ ክቦች ይደረደራሉ፤ መሐላቸው ላይ ነጭ የሴራሚክ ሽፋን አለ። ከላይ በእግር ሲረገጥ ኤልኢዲዎቹ ብልጭ ይላሉ፣ መልቲሜትሩ ደግሞ 20፣ አንዳንዴ 30 ቮልት ያነባል። አዳራሹ ያጨበጭባል። ከዚያ ስልክ ሲሰካበት ቮልቱ ወዲያው ተንዶ ወደ ዜሮ ይጠጋል፣ ስልኩም ቻርጅ መጀመሩን አያሳይም። ልጆቹ ሽቦው የተበላሸ ይመስላቸዋል። ሽቦው ደኅና ነው። ነጩ ሴራሚክ የሚሠራበት ፒዞኤሌክትሪክ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1880 ዣክና ፒየር ኩሪ የተባሉት ወንድማማቾች በክሪስታል ላይ ያገኙት ባሕርይ፣ ሲጫኑት ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይሰጣል፤ ከረንቱ ግን እጅግ ትንሽ ነው። ቀጭ ሲል እሳት የሚያወጣው የጋዝ መለኮሻ በዚሁ መንገድ ብዙ ሺህ ቮልት ይፈጥራል፣ ነገር ግን በዚያ ብልጭታ አምፖል ላብራ የሚል የለም። ስለዚህ «30 ቮልት አወጣ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ስለ ኃይል መጠን የሚነግረን ነገር የለም።

ሳልጠየቅ ሁለት ነገር ልጨምር። አብዛኛው የፒዞ ሴራሚክ የሚሠራው እርሳስ (ሊድ) የተባለው መርዛማ ብረት ካለበት ውህድ ነው፤ ሲሰበር የትም የሚጣል ዕቃ አይደለም፣ «ንፁህ» የሚለውን ስም ስንሰጠውም ይህን እናስብ። ሁለተኛ፣ ውጭ አገር የምናያቸው ታዋቂ ንጣፎች ሁሉ ፒዞ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2009 የተመሠረተው የለንደኑ ፔቭጀን ኩባንያ አሁን የሚያቀርበው ባለሦስት ማዕዘን ንጣፍ በሥሩ በማግኔትና በመጠምጠሚያ ሽቦ የሚዞር ጄኔሬተር አለው። ከፒዞ የተሻለ ይሰጣል፣ ግን ተንቀሳቃሽ አካል አለው፤ አቧራና ጭቃ ይገባበታል። ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ውርጩ አለ፦ ማታ በስንጥቁ የገባ ውሃ ሌሊት ሲረጋ ምን እንደሚያደርግ ቧንቧው የፈነዳበት ሰው ያውቃል።

የእነዚህ ንጣፎች ውጤት በቁጥር የታወቀበት አንድ ጥሩ ምሳሌ እ.ኤ.አ. የ2013ቱ የፓሪስ ማራቶን ነው። ንጣፉ በሻንዜሊዜ ጎዳና ላይ ተዘርግቶ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሯጮች አለፉበት፤ የተገኘው 4.7 ኪሎዋት ሰዓት መሆኑ ተነገረ። አንድ ምጣድ ለአንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ያህል ያስኬዳል። ሪዮ ዴ ጄኔሮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2014 እንዲሁም ሌጎስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2015 በእርምጃ የሚበሩ ተብለው የተመረቁት የኳስ ሜዳዎች ደግሞ ከንጣፉ ጎን ሶላር ፓነል ተገጥሞላቸው ነበር። ዜናው እኛ ዘንድ ሲደርስ ፓነሉ መንገድ ላይ ይወድቅና ንጣፉ ብቻ ይቀራል።

ከዚያው ሲዞር ከነበረው ስሌት ሥር አንድ ሰው «መናኸሪያው ባይበቃ ጻድቃኔ ማርያም ላይ በንግሥ ቀን የሚመጣውን ሕዝብ አስቡት» ብሎ ነበር። አሰብኩት። መቶ ሺህ ሰው መጣ እንበል፣ እያንዳንዱም በመግቢያው ላይ በተነጠፈ አሥር ሜትር መንገድ ገብቶ ሃያ ጊዜ ቢረግጥ ሁለት ሚሊዮን እርምጃ ነው። በ3 ጁል 6 ሚሊዮን ጁል፣ ማለትም 1.7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይገኛል። ለምጣድ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። በአንጻሩ አንድ ካሬ ሜትር ጥሩ ሶላር ፓነል ፀሐይ ባለው ቀን አንድ ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል፤ ሕዝብ መጣ አልመጣ፣ በማግሥቱም እንዲሁ። ፓነል ሙቀት ሲጨምርበት ምርቱ ስለሚቀንስ የእኛ ደጋ ብርድ ይመቸዋል እንጂ አይጎዳውም። ሰው ቆርቆሮ ጣሪያውን ለፀሐይ ትቶ መሬቱን ቆፍሮ ኤሌክትሪክ ይፈልግ ሲባል የምናደደው ለዚህ ነው። በገጠሩ ቀበሌ ዛሬም በባትሪ መብራት የሚያጠና ልጅ አለ፤ ለእሱ ሊውል የሚችል ገንዘብ ለምረቃ ቀን ፎቶ የሚያምር ንጣፍ ላይ ሲውል ዝም ማለት አልችልም።

«ንፁህ ኃይል ስለሆነ ትንሽም ቢሆን ይጠቅማል» የሚለውም በአገራችን ሁኔታ አይቆምም። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ከውሃ ነው የሚመጣው፣ የተረፈው በብዛት ከነፋስ ነው። ከሰል የሚያቃጥል ማመንጫ ባለበት አገር የሚቀነሰው ጭስ እዚህ የለም። የእኛ ጉድለት መስመር ያልደረሰበት ሰፈርና የሚቆራረጥ መስመር ነው፤ ያንን በእርምጃ አንሞላውም።

ታዲያ ቃርሚያው ከንቱ ነው? አይደለም። ለቃራሚው እራቱ ናት። አንዲት ትንሽ መሣሪያ በቀን ጥቂት ጁል ብቻ ከበቃት፣ ሽቦ መዘርጋትና ባትሪ መለወጥ ከሚያስቸግርበት ቦታ ላይ ቃርሚያ ከማንም ይበልጣል። ሲጫኑት ራሱ በሚያመነጨው ጉልበት ምልክት የሚልክ ያለባትሪ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ አለ። የድልድይን ንዝረት እየቃረመ ስለ ድልድዩ ጤና የሚናገር ሴንሰር ይሠራል። በር ላይ የተነጠፈ ንጣፍም ስንት ሰው እንደገባ ለመቁጠር በጣም ጥሩ ነው።

ከሰውም ቢሆን የሚቃረምበት ትክክለኛ ቦታ ከእግር ሥር ይልቅ ጉልበት ነው። ከጣርማበር በእግሩ ወደ ደብረ ሲና የወረደ ሰው ያውቀዋል፦ ዳገት ሳይወጣ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። ጡንቻው በየእርምጃው ፍሬን እየያዘ ነው፣ የያዘውም ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የካናዳ ተመራማሪዎች ይህን ፍሬን የሚያግዝና ያንኑ የሚሰበስብ የጉልበት ማሰሪያ ሠርተው ከሁለት እግር 5 ዋት ያህል አገኙ። ልብ በሉ፣ ይህ 5 ዋት ሰውየው እስከተራመደ ድረስ የሚቀጥል አማካይ ነው፤ በአንድ ሰዓት 5 ዋት ሰዓት ይሆናል። ከላይ ከተባለው የግማሽ ሰከንድ 5 ዋት ጋር ስሙ እንጂ መጠኑ አይገናኝም።

በዚያው ቁልቁለት ላይ ከዚህም የበለጠ ቃርሚያ አለ። ከጣርማበር እስከ ሸዋ ሮቢት መንገዱ ከ1,500 ሜትር በላይ ይወርዳል። ሁለት ቶን የሚመዝን የኤሌክትሪክ መኪና 1,500 ሜትር ሲወርድ 29 ሚሊዮን ጁል ይለቃል፣ ስምንት ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። በነፋስ፣ በጎማና በመለዋወጡ ግማሹ ቢጠፋ እንኳ አራቱ ወደ ባትሪው ይመለሳል። አንድ ሹፌር በአንድ ጉዞ ብቻ ከሚሊዮን እርምጃ በላይ ቃረመ ማለት ነው፣ በዚያ ላይ የፍሬን ሸራው አልተበላም። ሲመለስ ዳገቱን የሚወጣው በራሱ ባትሪ ስለሆነ ይህም ነፃ አይደለም፤ የራሱን የወደቀ ዛላ ነው ያነሳው።

በዚህ ርዕስ ፕሮጀክት መሥራት ለሚፈልጉ ተማሪዎች የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ሪፖርቱ ላይ ቮልት ብቻውን አታቅርቡልኝ። ከሬክቲፋየሩ (ከረንቱን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ከሚያሳልፈው) በኋላ 1,000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (ቻርጅ የሚያጠራቅም ዕቃ) አያይዙ፣ ባዶ መሆኑን አረጋግጡ፣ መቶ ጊዜ ርገጡ፣ ከዚያ ቮልቱን አንብቡ። የካፓሲተሩ መጠን በቮልቱ ካሬ ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል የሰበሰባችሁትን ጁል ይሰጣችኋል። 10 ቮልት ካነበባችሁ 0.05 ጁል ነው፤ በመቶ ሲካፈል በእርምጃ ግማሽ ሚሊጁል። ቁጥሩ ትንሽ ነው ብላችሁ አትደብቁት። በግማሽ ሚሊጁል በእርምጃ ምን ዓይነት ሴንሰር ማስኬድ እንደሚቻል አስሉና በሚቀጥለው ገጽ ላይ ጻፉት፤ ማርክ የምሰጠው ለዚያ ገጽ ነው።