ካውንስለሩ ልጃችሁን እየተከታተለ አይደለም

እዚህ አሜሪካ ከወላጆቻችን አፍ የማትጠፋ አንዲት አባባል አለች። «ትምህርት ቤቱ ካውንስለር አለው፣ እሱ ይከታተላታል።» እኔ ራሴ ካውንስለር፣ ማለትም የትምህርት ቤት የተማሪዎች አማካሪ ነኝ። ካልመጣችሁ አልከታተላትም። ጠልቼ ሳይሆን ስለማልደርስ ነው።

የሙያ ማኅበራችን ለአንድ ካውንስለር 250 ተማሪ ይበቃል ይላል። በ2023–24 የትምህርት ዘመን ግን የአገሪቱ አማካይ 376 ነበር። 400 ተማሪ ያለበት ካውንስለር እያንዳንዱን ለ15 ደቂቃ ላነጋግር ቢል 100 ሰዓት ይፈጅበታል፤ ክፍል ምደባው፣ ፈተናው፣ የድጋፍ ደብዳቤው፣ እያለቀሰች በር ላይ የቆመችው ልጅ ሳይቆጠሩ ማለት ነው።

አንድ አባት ከአዲስ አበባ ያመጣውን የልጁን ትራንስክሪፕት፣ ማኅተሙ እንኳን ሳይደበዝዝ፣ በላስቲክ አድርጎ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦት ነበር። «ከፈለጉ ይጠይቁኛል ብዬ ነው» አለኝ። ለእኔ ያመጣልኝ መጋቢት ላይ ነው። ልጅቷ አገር ቤት የጨረሰችውን ሒሳብ ከመስከረም ጀምራ እንደገና ስትማር ከርማለች። በጣም ነው ያንገበገበኝ! በመጀመሪያው ሳምንት ቢያመጣው ኖሮ ክሬዲቱ ታይቶላት ወደሚቀጥለው ክፍል ትገባ ነበር። እባካችሁ፣ እስክትጠየቁ አትጠብቁ። መስከረም ላይ አጭር ኢሜይል ጻፉ፣ ቀጠሮ ያዙ፣ ወረቀቱን ይዛችሁ ኑ።

«የእህቴን ልጅ ግን ካውንስለሯ ሁሉን ጨረሰችላት» የምትሉም አላችሁ። የት ስቴት? በ2023–24 በአሪዞና አማካዩ ከ600 ተማሪ በላይ ነበር፣ በቨርሞንት ከ200 በታች። ቨርጂኒያ ለ325 ተማሪ አንድ ካውንስለር እንዲኖር በሕግ ደንግጋለች፤ እንዲህ ያለ ግዴታ ጭራሽ የሌለባቸው ስቴቶችም አሉ። በዚያው ስቴት ውስጥ እንኳን የመጀመሪያ ደረጃው ብዙ ጊዜ ከሃይስኩሉ ይብሳል። ስለዚህ ልጃችሁን ስታስመዘግቡ አንድ ካውንስለር ስንት ተማሪ እንደሚይዝ ጠይቁ፣ ነውር የለውም።

ከወላጆች የምሰማቸው ሌሎች አባባሎችም አሉ። «ካውንስለር ከጠራ ልጁ አጥፍቷል።» አይደለም። ቅጣት የእኛ ሥራ አይደለም።

«ፋፍሳውን (የኮሌጅ የገንዘብ እርዳታ ማመልከቻውን) እነሱ ይሞሉታል።» የእናንተን የገቢ መረጃ እኛ ከየት እናመጣለን?

«የነገርነውን ሁሉ ለፖሊስ ይናገራል።» ምስጢር እንጠብቃለን። ልጁ ራሱን ወይም ሌላ ሰው ሊጎዳ ነው ብለን ስንሰጋ ወይም እየተጎዳ ነው ብለን ስንጠረጥር ግን ዝም አንልም፣ በሕግ እንጠየቅበታለን።

«እንግሊዝኛዬ ስለማይበቃ አልሄድም።» ይቺን ስሰማ ያመኛል። የፌዴራል የሲቪል መብት ሕግ ትምህርት ቤቱ በሚገባችሁ ቋንቋ እንዲያነጋግራችሁ ያስገድደዋል፣ አስተርጓሚውም በነፃ ነው። ቀጠሮ ስትይዙ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉ። ልጃችሁን ግን አስተርጓሚ አታድርጉ። የወደቀችበትን ትምህርት እሷው ለእናቷ ስትተረጉም አይቻለሁ፤ ግማሹን ዋጥ አደረገችው።