ቤት ለእንቦሳ በ20 ካሬ፦ ስለ ጠባብ ቤትና ስለ ምቹ ጥግ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየማችን የገባን ሰሞን የመጣው እንግዳ ሁሉ ደጃፍ ላይ ቆሞ «ቤት ለእንቦሳ!» ይላል። እኛም እንደ ወጉ «እንቦሳ እሰሩ!» እንላለን። እንቦሳ ይቅርና የልብስ ሳፋ ማስቀመጫ ያጣን ሰዎች ነን። ዋናዋን ክፍል በሜትር ለካኋት፦ 4 በ5። መኝታውም፣ ሳሎኑም፣ የልጃችን የቤት ሥራ መሥሪያም እሷው ናት። እንግዶቹ «ግድ የለም፣ ሆድ ከአገር ይሰፋል» ብለው ያጽናኑንና ወዲያው ወደ ምክሩ ይገባሉ፦ ነጭ ቀለም ቀቡት፣ ኤል ሼፕ ሶፋ ግዙለት፣ መስታወት ስቀሉበት። አንዳንዱን ሞከርነው፣ አንዳንዱን ጎረቤት ሲሞክረው አየን።

«ቦታ የለንም እኮ»

ይህን ስል የኖርኩት እኔው ነኝ። አንድ ሰው ደገፍ ብሎ ሻይ የሚጠጣበት ወይም ዝም ብሎ የሚቀመጥበት ጥግ 1 ሜትር በ1 ሜትር ይበቃዋል። ከጀርባ ግድግዳ፣ ከጎን መስኮት ወይም መብራት፣ ከፊት እግር መዘርጊያ። እኛ ቤት ያ አንድ ካሬ ነበር፤ በቁም ሳጥኑና በመስኮቱ መሃል። ምን ተቀምጦበት? የቴሌቪዥኑ ካርቶን፣ ሁለት ባዶ ጄሪካን፣ ጎማው የወለቀ ሻንጣ፣ ሻንጣው ውስጥ ደግሞ ሌላ ሻንጣ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ጄሪካን አይጣልም፤ መታጠቢያ ቤት ገባ። ሻንጣው አልጋ ሥር ሄደ። በካርቶኑ ግን ከባለቤቴ ጋር ሁለት ሳምንት ተከራከርን። «ቢበላሽ በምን እንመልሰዋለን?» ይላል፤ ዋስትናው ካለቀ ዓመት አልፎታል። በቦታው አንድ ዱካ፣ አንድ አጎዛና አንድ መደገፊያ ትራስ አስገባን። ገንዘብ ያወጣነው ለትራሱ ብቻ ነው።

ጥግ ከመምረጣችሁ በፊት ፀሐይዋን አንድ ቀን ተከታተሏት። አዲስ አበባ ላይ ፊት ለፊት ያለው ብሎክ ካልጋረደው የምሥራቅ መስኮት ዓመቱን ሙሉ የጠዋት ፀሐይ አያጣም፤ ክረምት ላይ ደመናው ካልከለከለ በቀር። የደቡብ መስኮት በኅዳርና በታኅሣሥ ይበልጣል፤ ፀሐይዋ ያኔ ወደ ደቡብ አዘንብላ ስለምትሄድ ብርሃኗ ዘልቆ ወለሉ ድረስ ይገባል። ብርዱ የሚበረታውም ያኔ ነው። የእኛ መስኮት ወደ ምሥራቅ ስለሚያይ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ገደማ ዱካዋ ላይ ፀሐይ አለ።

«ኤል ሼፕ ሶፋ ጥጉን ይሞላዋል»

መሙላቱንስ ይሞላዋል! አንዱ ክንፉ 2.50፣ ሌላው 2 ሜትር፣ ወርዱ 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሶፋ ከ3.2 ካሬ በላይ ወለል ይወስዳል። ሜትር ከሃምሳ አልጋ ሌላ 3 ካሬ ገደማ ይጨምራል። ከ20ው 6ቱ ሄደ ማለት ነው፤ ቁም ሳጥን፣ ፍሪጅና ቡፌ ገና አልገቡም፤ በሩም የሚከፈትበት ይፈልጋል።

ጎረቤታችን የገዙት ሶፋ በደረጃው መታጠፊያ አላልፍ ብሎ እግሮቹ ተፈቱ፤ እንደዚያም ሆኖ እንቢ አለ። በመጨረሻ በገመድ ታስሮ በበረንዳ በኩል ተጎተተ፤ ከታች የሰፈሩ ልጆች «ያዝ! ቀስ!» እያሉ ያዳምቃሉ። ጫኝና አውራጆቹ የጠየቁትን ዋጋ እዚህ አላነሳውም። አሁን ያ ሶፋ ማዕዘኑ ላይ የሚቀመጥ ሰው የለውም፤ ጉልበት ከጉልበት ስለሚጋጭ የታጠበ ልብስ ይከመርበታል።

ለጠባብ ቤት ዝቅ ያለ መቀመጫ ይሻላል፤ ዱካ፣ ፍራሽ ከነትራሱ፣ አረቢያን መጅሊስ። ዝቅ ብላችሁ ስትቀመጡ ጣሪያው ይርቃል፣ ቤቱም ተነፈስ ይላል። የገጠሩ መደብ ይህን ድሮ ጨርሶታል፤ ቀን መቀመጫ፣ ማታ መኝታ። ጉልበቱን ለሚያመው አዛውንት ግን ዝቅተኛ መቀመጫ ቅጣት ስለሆነ አንድ ከፍ ያለ ወንበር ይኑር። መጅሊሱንም ሆነ ፍራሹን በውጭኛው ግድግዳ ላይ አትለጥፉት። ብሎኬቱ ክረምት ላይ ይቀዘቅዛል፣ እርጥበት ይይዛል፤ አራት ጣት ያህል ክፍተት ካልተውን ከኋላው ሻጋታ ያወጣል። እኛ ያወቅነው ነሐሴ ላይ፣ በጠረኑ ነው።

«ክፍል የሚለየው በግድግዳ ወይም በመጋረጃ ነው»

ሐረር ጀጎል ውስጥ የሐረሪ ባህላዊ ቤት የገባ ሰው ይህን አይልም። ዋናው ክፍል አንድ ነው፤ ነገር ግን ወለሉ ከፍና ዝቅ እያለ ነደባ የሚባሉ አምስት መደቦች አሉት። ማን የት እንደሚቀመጥ ከፍታው ራሱ ይናገራል። ዕቃው ደግሞ ግድግዳው ውስጥ በተሠሩት መደርደሪያዎችና ግድግዳው ላይ ስለሚቀመጥ ወለሉ ለሰው ይተርፋል። በመሃል መጋረጃ ሳይጋረድ ቦታው ተለይቷል።

እኛ ወለሉን መቆፈር አንችልም። ከፓሌት የተሠራች 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያላት መድረክ ግን ለሰፈሩ አናጢ አታቅተውም። እሷም ካልሆነች ትንሽ ምንጣፍ ድንበር ታበጃለች፤ ልጃችን ከምንጣፉ ሲደርስ ማንም ሳይነግረው ጫማውን ያወልቃል። ከጣሪያ እስከ ወለል የሚደርስ ወፍራም መጋረጃ አንዱን 20 ካሬ ሁለት ጨለማ 10 ካሬ ያደርገዋል። አልጋውን ከእንግዳ ዓይን መሸፈን ለሚፈልግ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ጨርቅ ይበቃል።

«ነጭ ቀለምና ደማቅ አምፖል ቤት ያሰፋል»

ግማሹ እውነት ነው። ነጭ ቀለም ያገኘውን ብርሃን ይመልሳል፤ ካላገኘ ግን ግራጫ ሆኖ ይውላል። ፀሐይ የማያየውን ግድግዳችንን ነጭ ቀብተን የሆስፒታል ኮሪደር አስመሰልነው። በኋላ ጥጉን ብቻ የሸክላ መልክ ባለው ቀለም ደገምነው፤ ረጋ አለ።

አምፖሉ ላይ ስህተቱ ይብሳል። የኤልኢዲ አምፖል ስትገዙ ካርቶኑን አዙራችሁ አንብቡ። 6500 ኬልቪን (የብርሃን መልክ መለኪያ) የሚል ከሆነ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ነው፤ ለሱቅ ይሆናል። 2700 ወይም 3000 ካለ እንደ ፋኖስ ሞቅ ያለ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ መልኩ ይሞቃል። ዋቱ የሚናገረው ስለሚበላው ኤሌክትሪክ እንጂ ስለ ብርሃኑ መልክ አይደለም። ሁለተኛ፣ መብራቱን ከጣሪያ አውርዱት፤ ስትቀመጡ ትከሻችሁ አካባቢ ይሁን። ማታ የጣሪያውን አጥፍቼ የጥጉን ብቻ ሳበራ፣ ያልታጠበው ሰሃን ሳይቀር ጨለማ ውስጥ ይገባልኛል።

መስታወትንም «ቤት እጥፍ ያደርጋል» ይሉታል። እጥፍ የሚያደርገው ፊቱ ያለውን ነው። ከመስኮት ትይዩ ከሆነ ብርሃን፤ ከልብስ ክምር ትይዩ ከሆነ ሁለት ክምር።

«ፍሙ ከቀላ ከሰል አይጎዳም»

እዚህ ላይ አልቀልድም። የቡና ጥግ ያለ ከሰልና ያለ እጣን አይሞቅም ብለን መስኮት ዘግተን እንቀመጣለን፤ ጭሱ ካለፈ አደጋውም ያለፈ ይመስለናል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ጭስ ከሌለው ቀይ ፍምም ይወጣል። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይይዘዋል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መዝለፍለፍ ይጀምራል፤ ሰውየው ደከመኝ ብሎ ጋደም ይላል። ክፍሉ በጠበበ ቁጥር ጋዙ ቶሎ ይጠራቀማል። ስለዚህ ከሰሉ በረንዳ ላይ ይቀጣጠል፣ ቡናው ሲፈላ መስኮቱ ይከፈት፣ ከመተኛታችሁ በፊት ምድጃው ከነፍሙ ይውጣ። «አመዱ ሸፍኖታል» ማለት ጠፍቷል ማለት አይደለም። አንድ ሰው ራሱን ካዞረው መጀመሪያ ወደ አየር አውጡት፣ ከዚያ ወደ ሕክምና። እኛ በኤሌክትሪክ ምድጃ እናፈላለን፤ እጣኑን ለማጨስ ሁለት ፍም መስኮት ተከፍቶ ይገባል። አክስቴ «ይኼ ደግሞ ቡና ነው?» ትላለች፣ ሦስተኛውንም ትጠጣለች።

«አበባ ሌሊት አየር ይሻማል»

ተክል ሌሊት ኦክስጅን መጠቀሙ እውነት ነው፤ ነገር ግን አንድ ማሰሮ ተክል የሚጠቀመው አጠገባችሁ ከተኛው ሰው ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም። ባልን ከመኝታ ያስወጣ ሰው አላየሁም።

«የኪራይ ቤት ነው፣ ምን አደከመኝ»

ዱካ፣ አጎዛ፣ ምንጣፍና መብራት አብረዋችሁ ይወጣሉ። የሚያስቸግረው ግድግዳው ነው፤ ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ተራ ሚስማር ልስኑን ያራግፋል እንጂ አይዝም። አከራይ ከፈቀደ በድሪል ተበስቶ ፊሸር (ብሎኑን አጥብቆ የሚይዝ የፕላስቲክ መሰኪያ) ይገባበታል። ካልፈቀደ መደርደሪያውን መሬት ላይ አቁሙት።

«ጥሩው ቦታ ለእንግዳ ነው»

አስተዳደጋችን ስለሆነ ይህን ለማረም ድፍረቱም የለኝ። ብቻ እንግዳ በሳምንት አንዴ ይመጣል፤ እኔ ያለሁት በየቀኑ ነው። ጥጉን ስሠራ ለራሴ ብዬ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ ግን ለቡና ሲመጡ ሶስቱን ወንበር አልፈው ቀጥ ብለው አጎዛው ላይ ይቀመጣሉ፤ እኔ የአልጋው ጠርዝ ላይ ሆኜ እቀዳለሁ። ባለፈው እሑድ በሩ አጠገብ ያለውን ጥግ በሜትር ስለካ ባለቤቴ አየኝ። 80 በ90 ነው፤ የጫማ መደርደሪያው ከተነሳ።