ማይክሮዌር ምንድን ነው? የጠፉ ባለኪስ እንስሳት ምን ይበሉ እንደነበር ከጥርሳቸው እንዴት ይታወቃል?

ማይክሮዌር ማለት ባጭሩ ምግብ ሲታኘክ ጥርስ ላይ የሚቀረው በአይን የማይታይ ጭረትና ጉድጓድ ነው። ሳር ውስጥ ሲሊካ የሚባል ጠጣር ነገር አለ፣ በዛ ላይ አቧራና አሸዋ አለበት፣ ስለዚህ ሳር የሚግጥ እንስሳ ጥርሱ ላይ ቀጫጭን ባንድ አቅጣጫ የተሰለፉ ጭረቶች ይበዛሉ፣ ቅጠልና ቅርንጫፍ ወይ ጠንካራ ፍሬ የሚሰባብር ደግሞ ጎድጎድ ጎድጎድ ያለ ሸካራ ነገር ነው የሚታይበት። ድሮ ተመራማሪዎቹ ማይክሮስኮፕ ላይ አፍጥጠው ጭረቱን አንድ በአንድ ይቆጥሩ ነበር፣ ያው ሰው ነውና የአንዱ ቁጥር ከሌላው አይገጥምም፣ አሁን የጥርሱ ገጽ በስሪዲ ስካን ይደረግና ሸካራነቱን ኮምፒውተር ይለካዋል።

ጥርስ ላይ ይሄን ያህል የሚለፋው ኢናሜል (የጥርሱ ውጫዊ ነጭ ሽፋን) ከሰውነት ሁሉ ጠንካራው ክፍል ስለሆነ ነው፣ ከ95 በመቶ በላይ ማዕድን ነው፣ አጥንቱ ብስብስ ብሎ ሲጠፋ እሱ ይቀራል። ከአውስትራሊያ የጠፉ ማርሱፒያሎች (ልጃቸውን በኪስ የሚያሳድጉት ማለት ነው፣ እነካንጋሮ) ብዙዎቹ የሚታወቁት በጥቂት ጥርስና በመንጋጋ ስባሪ ብቻ ነው። ኩዊንስላንድ ውስጥ ሪቨርስሌይ የሚባል ቦታ አለ፣ እዛ የኖራ ድንጋዩን አሴቲክ አሲድ ውስጥ ይዘፈዝፉትና ድንጋዩ ሲሟሟ ጥርሱ ንጹህ ሆኖ ይወጣል።

ማይክሮዌር ከመምጣቱ በፊት ግን ሁሉም ነገር የሚነበበው ከቅርጽ ነበር። ታይላኮሊዮን ውሰዱ፣ «ባለኪስ አንበሳ» የሚሉትን። ሪቻርድ ኦወን የሚባል እንግሊዛዊ ተመራማሪ በ1859 (አመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሲገልጸው አስፈሪ አዳኝ ነው አለ፣ ሌሎች ደግሞ ኧረ ባክህ አሉት፣ ምክንያቱም ዘመዶቹ ኮዋላና ዎምባት ናቸው፣ ቅጠልና ሳር በሊታ፣ በዛ ላይ ደህና ክራንቻ እንኳን የለውም። ፍራፍሬ በሊታ ነው ብለው የተከራከሩም ነበሩ! ነገሩ እንዲህ ነው፣ አያት ቅድመ አያቶቹ ተክል በሊታ ስለነበሩ ክራንቻቸው አንሶ ነበር፣ ዘሩ ወደ ስጋ ሲዞር ያንን መልሶ አላበቀለውም፣ ባለው ሰራ፣ የፊት ጥርሶቹ መውጊያ ሆኑ፣ ከመንጋጋ ጥርሶቹ ፊት ያለው ቅድመ መንጋጋ ደግሞ ረዝሞ የቢላ ስለት ሆነ። በኋላ ስለቱ ላይ ያለው ፍግፍግታ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከስጋ መቁረጥ ጋር ነው የገጠመው፣ ኦወን ልክ ነበር። ለኔ ከዚህ ታሪክ ትልቁ ቁም ነገር ይሄ ነው፣ የጥርስ ቅርጽ ላይ የእንስሳው አመጋገብ ብቻ ሳይሆን የዘሩም ታሪክ አለበት፣ ሁለቱን ካልለየህ ትሳሳታለህ።

አንዳንዴ ግን ቅርጹ ራሱ ይጮሃል። ማሌኦዴክቴስ የሚባል ከሪቨርስሌይ የወጣ ፍጥረት አለ፣ አንዱ ቅድመ መንጋጋው አብጦ ድፍን ኳስ የመሰለ ነው፣ እንዲህ አይነት ጥርስ ዛሬ ያለው ቀንድ አውጣ ሰባብሮ የሚበላ አንድ የአውስትራሊያ እንሽላሊት ነው፣ ስለዚህ እሱም ቀንድ አውጣ በሊታ ነበር ተባለ። በ2016 ደግሞ ገና ጥርስ እያበቀለ የሞተ ግልገል ተገልጾ በእንስሳት አመዳደብ ራሱን የቻለ ቤተሰብ ተሰጠው።

ካንጋሮዎቹ ጋ ስንደርስ ነገሩ ይወሳሰባል። ድሮ የነበሩት ፊታቸው አጭር ግዙፍ ካንጋሮዎች ከራስ ቅላቸውና ከጥርሳቸው ተነስቶ ቅጠል ብቻ በሊታ ናቸው ይባል ነበር። በ2025 የወጣ ጥናት ከ900 በላይ የሚሆኑ ያሁንና የጠፉ ካንጋሮዎችን ማይክሮዌር ለካና አብዛኞቹ ያገኙትን የሚበሉ ሆነው ተገኙ፣ ቅጠልም ሳርም። ታዲያ ያ ሁሉ ልዩ ቅርጽ ለምን አስፈለገ? መልሱ ደስ ይላል፣ ጥርስ የሚቀረጸው በየቀኑ ለሚበላው ቀላል ምግብ ላይሆን ይችላል፣ ሌላ ሲጠፋ አማራጭ ለሚሆነው ለአስቸጋሪው ነው። ባጭሩ ቅርጽ ምን መብላት እንደሚችል ይነግርሃል፣ ማይክሮዌር ደግሞ ምን እንደበላ።

ችግሩ ማይክሮዌር ቶሎ ቶሎ ይፋቃል፣ አዲስ ጭረት አሮጌውን ያጠፋዋል፣ ስለዚህ የሚያሳየው ከመሞቱ በፊት የነበሩትን ቀናት ወይ ሳምንታት ነው። ባንድ ጥርስ ማንም አይፈርድም፣ ብዙ ያስፈልጋል። ወይ ደግሞ ሌላ ምስክር ይጠራል፣ አይሶቶፕ፣ ማለትም አንድ አይነት ንጥረ ነገር ሆኖ ክብደቱ ብቻ የሚለያይ አተም። የሞቃት ቦታ ሳሮች ካርቦን 13 (ከበድ ያለው የካርቦን አይነት) ከዛፍና ከአብዛኛው ቁጥቋጦ ይበዛባቸዋል፣ ይሄ ልዩነት ጥርሱ ሲሰራ ኢናሜሉ ውስጥ ይገባና እዛው ይቀመጣል። ፕሮኮፕቶዶን ጎልያድ ላይ፣ ከ200 ኪሎ በላይ የሚመዝን ካንጋሮ ነው፣ ሁለቱ ምስክሮች ተጣሉ። ካርቦኑ ሳር ነው ሲል ጭረቱ በፍጹም ሳር አይደለም አለ። በ2009 የቀረበው መፍትሄ ሁለቱንም ያስታረቀ ነው፣ ደረቅና ጨዋማ መሬት ላይ የሚበቅል ቁጥቋጦ አለ፣ ቁጥቋጦ ሆኖ ሳለ ካርቦኑ እንደ ሳር ነው፣ እሱን ነበር የሚበላው። ጨዋማ ምግብ ደግሞ ውሃ ያስጠማል፣ ስለዚህ ከውሃ ብዙ መራቅ አይችልም ነበር ማለት ነው፣ ከጥርስ ተነስቶ እዚህ ድረስ ይኬዳል።

ዲፕሮቶዶን ላይም እንደዛው፣ 2,700 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ከማርሱፒያሎች ሁሉ ትልቁ ነው። የፊት ጥርሱ እድሜውን ሙሉ ስለሚያድግ ርዝመቱን ተከትሎ ኬሚስትሪው ሲለካ ወራትና ወቅት ይነበብበታል። በ2017 በስትሮንሺየም አይሶቶፕ (ከመሬቱ በምግብ በኩል ጥርስ ውስጥ የሚገባ፣ ከቦታ ቦታ የሚለያይ ነው) እንደታየው በየአመቱ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄደ ይመለስ ነበር።

ወደ ዝግመተ ለውጡ ስንመጣ፣ ካንጋሮዎች ሳር መጋጥ የጀመሩት አውስትራሊያ መድረቅ እንደጀመረች በሚዮሲን ዘመን (ከ23 እስከ 5 ሚሊዮን አመት ገደማ በፊት) ነው ተብሎ ለረጅም ጊዜ ሲታሰብ ነበር። በ2018 የብዙ ቅሪተ አካል ጥርሶች ቁመትና መፋቅ ሲለካ ግን ቁመቱ በፍጥነት የጨመረው ዘግይቶ ነው፣ ከ3 እስከ 4 ሚሊዮን አመት በፊት፣ ሳሩ ሲስፋፋ። ሳር ጥርስ ይበላል፣ ስለዚህ ረጅም ጥርስ ያለው ነው የሚቆየው። ዎምባቶች ከዚህም አልፈው ሄደዋል፣ የጥንት ዘመዶቻቸው ጥርስ አጭርና ስር ያለው ነበር፣ የዛሬዎቹ ግን ጥርሳቸው ስር የለውም፣ እስኪሞቱ ድረስ እያደገ ነው የሚኖረው።