አራተኛው ግድግዳ ምንድን ነው?

የደብረ ብርሃን ብርድ ማታ ማታ ከቤት አያስወጣም። አንድ ቅዳሜ አጎቴ ከመንዝ መጥተው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ላፕቶፔ ላይ ዴድፑል የሚባለውን የሱፐርሂሮ ፊልም ከፈትኩ። ነውር ነውሩን እያሳለፍኩ ነው፤ እሱም ብዙ ነው። ቀይ ጭንብል ያጠለቀው ሰውዬ ድንገት የያዘውን ድብድብ ትቶ ወደኛ ዞረና ወሬ ጀመረ።

"ማንን ነው የሚያናግረው?" አሉ አጎቴ።

"እኛን።"

አራተኛው ግድግዳ የፈረሰው እዚህ ጋ ነው። መድረክ ላይ የተሠራ ሳሎን አስቡ። ግራ፣ ቀኝና ኋላ ግድግዳ አለው። አራተኛው በተመልካቹ በኩል ያለው ነው። አይታይም፤ ተዋናዮቹ ግን እንዳለ ቆጥረው ይጫወታሉ። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ዴኒ ዲዴሮ በ1758 ዓ.ም. (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ተዋናዮችን የመከረው ይህንኑ ነው፦ መጋረጃው ጭራሽ እንዳልተከፈተ ሆናችሁ ተጫወቱ።

ዜና አንባቢም ዓይናችንን እያየ ያወራል፤ ግን ምንም አላፈረሰም። መጀመሪያውኑ ግድግዳ የለበትማ።

የሱፐርሂሮ ፊልም ግድግዳ ደግሞ ወፍራም ነው። ጀግናው ኮስተር ብሎ ዓለምን ያድናል፤ ፊልም ውስጥ መሆኑን አያውቅም። ዴድፑል ያውቃል። ከ1991 ጀምሮ በኮሚክ መጽሐፍ የኖረ ለፍላፊ ነው። በ2009 ወደ ሲኒማ ሲያመጡት ግን አፉን ሰፉት! አድናቂዎቹ በገኑ። የራሱ ፊልም ጽሑፍ ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ ተኛ። በ2014 አጭር የሙከራ ቀረጻ ሾልኮ ወጣና ሕዝቡ ጮኸ፤ ስቱዲዮውም ፈቀደ።

በጀቱ 58 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ ለዚህ ዘውግ የድሃ ገንዘብ ነው። ቀረጻው ሲቃረብ ጭራሽ ጥቂት ሚሊዮን ተቀነሰ። ጸሐፊዎቹ ምን አደረጉ? ለመጨረሻው ፍልሚያ የታሰበው የተኩስ ጋጋታ ውድ ስለሆነ ጀግናው የመሣሪያ ሻንጣውን ታክሲ ውስጥ እንዲረሳ አደረጉት። ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ ስቱዲዮው ተጨማሪ ጀግና ለመቅጠር አቅም ያጠረው ይመስላል ብሎ ራሱ ያማል። ችግራቸውን ከኛ አልደበቁም፤ ለኔ የፊልሙ ትልቁ ጥበብ ይሄ ነው። በ2016 ሲወጣ ቻይና አላስገባችውም፤ ለልጆችም አይፈቀድም፤ ሆኖም ከ780 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ።

ብዙዎች "እንዴት ያለ አዲስ ነገር!" አሉ። ለኛ ሰው እንግዳው ግድግዳው ነው እንጂ ማፍረሱ አይደለም። አዝማሪ ማሲንቆውን እየገዘገዘ የጠጪውን ኮፍያ ይሳደባል፤ ተሰዳቢውም ስቆ ይሸልማል። ተረት ነጋሪ "የላም በረት" ካልተባለ አይጀምርም። ሲጨርስም "ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ" ብሎ ሒሳቡን ይጠይቃል።

ፊልሙ አልቆ የስም ዝርዝሩ ሲያልፍ አጎቴ ከዘራቸውን አንስተው በሩ ጋ ደርሰዋል። ዴድፑል በቤት ጋዋን ብቅ አለ። "ምን ይላል?" አሉኝ።

"አልቋል፤ ምን ትሠራላችሁ፣ ወደ ቤታችሁ ሂዱ እያለ ነው።"

ወደ ላፕቶፑ ዞረው፣ "እሺ፣ ደህና እደር" አሉት።