የስፖራን ዘርፍ ምንድን ነው?

የስኮትላንድ ወንዶች ኪልት የሚባለውን ቀሚስ መሰል ባህላዊ ልብሳቸውን ለሰርግ ለብሰው ሲቆሙ፣ ዓይን ቶሎ የሚያርፈው ከቀበቶአቸው በታች፣ ፊት ለፊት በተንጠለጠለችው ቦርሳ ላይ ነው። ስፖራን ትባላለች። በቦርሳዋ ፊት ላይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ትንንሽ ጭራ የሚመስሉ ነገሮች ይወዛወዛሉ። የዛሬው ወሬያችን ስለ እነሱ፣ ስለ ዘርፎቹ ነው።

«ዘርፍ» ሲባል አሁን አሁን ቶሎ የሚመጣልን የጤና ዘርፍ፣ የግብርና ዘርፍ ነው። የድሮው ትርጉሙ ግን ከልብስ ወይም ከጃንጥላ ጫፍ የሚንጠለጠለው ጌጥ ነው። በኦሪት ዘኍልቍ እስራኤላውያን በልብሳቸው ጫፍ እንዲያደርጉት የታዘዙት ዘርፍ፣ በጥምቀት ቀን ከታቦት በላይ በተዘረጋው ጃንጥላ ዳር ዳር የምናየው ዘርፍ። እኔም ቃሉን የምጠቀመው በዚሁ ትርጉም ነው።

መጀመሪያ ቦርሳዋ ለምን አስፈለገች? ኪልት ኪስ የለውም። ወገብ ላይ የሚጠመጠም፣ ከኋላው ሽንሽን የሆነ የሱፍ ጨርቅ ነው። ገንዘብም ሆነ ሌላ ትንሽ ዕቃ የሚያዝበት ቦታ ስለሌለ ቦርሳ ግድ ነበር። ስፖራን የሚለው፣ በነባሩ የስኮትላንድ ቋንቋ በጌሊክ ያለው ቃልም ሌላ ምስጢር የለውም፤ ቦርሳ ማለት ነው።

የዘርፉን አመጣጥ ለመረዳት ስልቻ የሚያውቅ ሰው አይቸገርም። የስልቻ አፍ ተሰብስቦ በጠፍር ይታሰራል፤ ከቋጠሮው የተረፈው ጠፍር ይንጠለጠላል። የጥንቱ ስፖራንም እንዲሁ ነበር። ከአጋዘን ወይም ከጥጃ ቆዳ የተሰፋ ከረጢት ነው፤ አፉ ዙሪያውን ተበስቶ ቀጭን ጠፍር ይገባበታል። ጠፍሩ ሲሳብ አፉ ይሰበሰባል። ጫፉ ሾልኮ እንዳይወጣ ይቋጠራል። ከቋጠሮው በታች የቀረው ቆዳ ሲተለተል ደግሞ ዘርፍ ይሆናል። ለእኔ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው፦ ዘርፉ ሥራ ፈት ጌጥ ሆኖ አልተወለደም፤ የማሰሪያው ጫፍ ነበር።

በኋላ ባለገንዘቦች የቦርሳውን አፍ በነሐስና በብር ማሠራት ጀመሩ። አፉ በብረት ሲዘጋ ጠፍሩ ሥራውን አጣ። ዘርፉ ግን አልተጣለም፤ ከቦርሳው አፍ ወርዶ ፊቱ ላይ ተሰቀለ።

ከዚያ ፖለቲካ ገባበት። እ.ኤ.አ. በ1745 የተጀመረው የጃኮባውያን (ከዙፋን የተወገደውን የስቱዋርት ቤተሰብ ለመመለስ የታገሉ ሰዎች) አመፅ ከከሸፈ በኋላ የብሪታንያ መንግሥት በ1746 የደጋውን ስኮትላንዳውያን ባህላዊ ልብስ በሕግ ከለከለ። ክልከላው የተነሣው በ1782 ነው። በእነዚያ ዓመታት ወንዶች ኪልት ያለ ሥጋት መልበስ የሚችሉት ወታደር ከሆኑ ብቻ ነበር። ስለዚህ ልብሱን ያቆየውም፣ መልኩን የለወጠውም ሠራዊቱ ነው። የብሪታንያው ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ በ1822 ኪልት ለብሰው በስኮትላንድ ዋና ከተማ በኤድንብራ ሲታዩ ደግሞ ልብሱ የክብር ልብስ ሆነ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የወታደሩ ስፖራን ወደ ጉልበት የሚወርድ፣ ረጅም የፈረስ ፀጉር የለበሰ ሆነ። ከሩቅ ትልቅ ጭራ ይመስላል። ዘርፉም የክፍለ ጦር መለያ ሆነ። ብላክ ዎች የሚባለው ክፍለ ጦር በነጭ ፀጉር ላይ አምስት ጥቁር ዘርፎች ነበሩት። ሲፎርዝ ሃይላንደርስ በነጭ ላይ ሁለት ረጃጅም ጥቁር ዘርፎች አደረጉ። ካሜሮን ሃይላንደርስ ገለበጡት፤ በጥቁር ላይ ሁለት ነጭ። የአርጋይልና ሰዘርላንድ ሃይላንደርስ ወታደሮች ስድስት ትንንሽ ዘርፎች ስለነበሯቸው ስፖራናቸው «ተወዛዋዦቹ ስድስት» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት። ዘርፉን የቆጠረና ቀለሙን ያየ ሰው የማን ወታደር እንደሆነ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ይህን ረጅም ዓይነት በብዛት የምናየው ባግፓይፕ የሚባለውን ባለ ከረጢት የትንፋሽ መሣሪያ በሚነፉና ከበሮ በሚመቱ ቡድኖች ላይ ነው። ሰልፈኞቹ እኩል ሲራመዱ ዘርፎቹም እኩል ግራና ቀኝ ይሄዳሉ። ውበቱ ያ ነው።

በሲቪሉ ልብስ ነገሩ ቀለል ይላል። ለአዘቦት የሚለበሰው ስፖራን ቡናማ ወይም ጥቁር ቆዳ ነው፤ ዘርፎቹም ከዚያው ቆዳ ይሠራሉ፤ ብልጭልጭ የላቸውም። ለሰርግና ለምሽት ግብዣ የሚሆነው ፊቱ ፀጉራም ቆዳ፣ አፉ ብርማ ነው፤ ዘርፎቹም ፀጉር ሆነው የብረት ቆብ ያጠልቃሉ። በሁለቱ መካከል ያለም አለ፦ ክዳኑ ቆዳ፣ ፊቱ ፀጉር። ለምሽት ስፖራን ለረጅም ጊዜ የሚመረጠው ሲል የሚባለው የባሕር እንስሳ ቆዳ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት በ2009 የሲል ውጤቶችን ንግድ የሚገድብ ሕግ ካወጣ ወዲህ ግን የጥንቸልና የከብት ቆዳ በብዛት ይታያል።

አንዷን ዘርፍ ቀረብ ብለን እንያት። አንድ ጭብጥ ፀጉር እኩል ተስተካክሎ አናቱ ላይ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። የታሰረው አናት ሾጣጣ በሆነች የብረት ቆብ ውስጥ ይገባል። ቆቧ ጫፍ ላይ ቀዳዳ አለች፤ በዚያ የሚወጣው ጠፍር ወይም ቀጭን ሰንሰለት ከቦርሳው ጋር ያያይዛታል። አንዳንዷ ቆብ የተቀረጸ ጌጥ አላት፤ አንዳንዷ ልሙጥ ናት። ፀጉሩ አንዴ ከተጣጠፈ ቶሎ ስለማይቃና፣ ስፖራን በሻንጣ ታጭቆ ሳይሆን ተሰቅሎ ቢቀመጥ ይሻላል።

የዛሬውን የምሽት ስፖራን ብትገለብጡት የሚከፈተው ከኋላ ነው፤ ዘርፎቹን ብትስቡ ምንም አይሆንም። ግን የድሮው ዓይነትም አልጠፋም። «ሮብ ሮይ» እየተባለ የሚሸጠው ስፖራን ልል የቆዳ ከረጢት ነው፤ ከፊቱ ጠፍሮች ይወርዳሉ፣ ጫፋቸው ላይ ዘርፍ አለ። በብዙዎቹ ላይ ዘርፉን ይዛችሁ ወደ ታች ስትስቡት የቦርሳው አፍ እጥፍጥፍ ብሎ ይሰበሰባል።