«ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?» እና ሌሎች ስለ መሣሪያ ሙዚቃ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ደሴ ውስጥ ካፌ ተቀምጣችሁ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ አልበም ብታስከፍቱ፣ ትንሽ ቆይቶ አንዱ «ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?» ማለቱ አይቀርም። ክላሲካልን፣ ጃዝንና የኛን ቅኝት (እንደ ትዝታ፣ ባቲና አምባሰል ያለውን የድምፅ አደራደር) ስለሚቀላቅሉ አልበሞች ብዙ ይወራል። ልክ ያልሆነውን እንይ። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ግጥም ከሌለው ማጀቢያ ነው»

ጥፋቱ የአድማጩ ብቻ አይደለም። ሬዲዮ ጣቢያዎቻችን የመሣሪያ ሙዚቃ ትዝ የሚላቸው ዜና እስኪደርስ ወይም የሐዘን ቀን ሲሆን ነው። እረኛው ግን ዋሽንቱን የሚነፋው ዘፋኝ እየጠበቀ አይደለም። ጌታቸው መኩሪያም ሽለላውን በሳክስፎን ሲያወርደው ቃል አልተነፈሰም። ፉከራ መሆኑን ግን ማንም አይስተውም።

«ሰው ካልዘፈነበት ክላሲካል ነው»

አይደለም። ኦፔራ ክላሲካል ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ይዘፈንበታል። በጥቅሉ ክላሲካል አቀናባሪው በኖታ ጽፎ የጨረሰው ሙዚቃ ነው። ጃዝ ደግሞ ብዙውን እዚያው መድረክ ላይ ይፈጥረዋል። አዝማሪ ፊት ተቀምጦ ለሚያውቅ ወሎዬ ይሄ ብርቅ አይደለም።

«ፈረንጅ የጫነብን ነው»

የኢትዮ ጃዝ አባት የሚባለው ሙላቱ አስታጥቄ የጅማ ልጅ ነው። እንግሊዝና አሜሪካ ተምሮ፣ በ1966 ኒውዮርክ ላይ የላቲን ምትን ከኛ ዜማ ጋር አጋብቶ አልበም አወጣ። ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋ ቡልጋሪያ ነው የተማረው። በ2014 የወጣው አልበሙ ውስጥ ካሉት ሥራዎች የአንዱ ስም «አምባሰል» ነው። ታዲያ ማን በማን ላይ ጫነ?

«ፒያኖ ላይ ሲወጣ ቅኝቱ ይበላሻል»

ይቺኛዋ ግማሽ እውነት አላት። ማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን እያንሸራተተ በሁለት የፒያኖ ቁልፎች መካከል ያለውን ድምፅ ያወጣል። ፒያኖ ይሄን አይችልም።

ቅኝቱን ቅኝት የሚያደርገው ግን ሌላም ነገር አለ። ስልካችሁ ላይ የፒያኖ አፕ ክፈቱ። ዶን (C) ንኩ፣ ከዶ ቀጥሎ ያለውን ጥቁር ቁልፍ፣ ከዚያ ፋን (F)፣ ሶልን (G)፣ ከሶል ቀጥሎ ያለውን ጥቁር፣ ከዚያ ወደ ላይኛው ዶ። አምባሰል ነው። አሁን ከነዚሁ አምስት ቁልፎች ሳትወጡ ከፋ ጀምራችሁ ፋ ላይ አሳርፉ። ትዝታ ሆነላችሁ፣ ያውም ሆድ የሚያባባው፣ ማይነሩ! ድምፆቹ አልተቀየሩም፤ ማረፊያው ነው የተቀየረው።

ስለዚህ ቅይጥ አልበም የሚበላሸው ፒያኖ ስለገባበት አይደለም። አቀናባሪው ከሥር የሚደረድረው ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ማረፊያውን ሲያስጠፋው ነው። ዜማው አምባሰል ሆኖ ቤዙ፣ ማለትም ወፍራሙ የታችኛው ድምፅ፣ ፋ ላይ ከከረመ፣ ጆሮ ትዝታ ትዝታ ይለዋል። አንዳንዱ ሆን ብሎ ያደርገዋል፤ ሲሳካም ደስ ይላል። አንዳንዱ ግን ሳያውቀው ነው፤ ይሄ ያስታውቃል።

«ቅኝቶቹ የወሎ ብቻ ናቸው»

እዚህ ላይ ዘመዶቼ እንደሚቀየሙኝ አውቃለሁ። አምባሰል ተራራውም ወረዳውም እኛው ጋ ነው። ባቲም በሰኞ ገበያዋ የታወቀች የወሎ ከተማ ናት። በስሙ እንኮራለን፣ ማንም አይነጥቀንም። የጎንደርና የጎጃም አዝማሪ ግን ያለ ባቲና ያለ አምባሰል አይውልም አያድርም። «የለም፣ ከቅዱስ ያሬድ ዜማ ጋር አንድ ናቸው» የሚልም አይጠፋም። የቤተ ክርስቲያኑ ዜማ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባል የራሱ ሥርዓት አለው።

«ሰሚ የለውም»

ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ በ1985 አሜሪካ ሆኖ በአኮርዲዮንና በሲንተሳይዘር የቆዩ ዜማዎችን ተጫውቶ ካሴት ሠራ። ከዚያ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዳ ኖረ። ኪቦርዱን ግን ከመኪናው አያወጣም ነበር፤ ተሳፋሪ ሲጠፋ ይለማመድበታል። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታትሞ ወጣና ኃይሉም በየአገሩ መድረክ ይጠራ ጀመር። በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ።